ቀይ ድንክ ኮከቦችን የሚዞሩ ትናንሽ ፕላኔቶች ከምን እንደተሠሩ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ መምህር ከጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በሥነ ፈለክ ክበባችን ያለች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ እኔ ብቻዬን ከምመልሰው በዘርፉ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩበት የተሻለ ፍሬ እንደሚኖረው ስላመንሁ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ።

ጥያቄው ኤልኤችኤስ 1140 ቢ ስለምትባል ፕላኔት ነው። ፕላኔቷ ከእኛ 49 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ አንድ ቀይ ድንክ ኮከብ (ከፀሐይ በጣም ያነሰና የቀዘቀዘ ኮከብ) በ24.7 ቀን አንድ ጊዜ ትዞራለች። ተማሪዋ በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው ልኬት መሠረት መጠነ ቁሷን የምድር 5.6 እጥፍ፣ ራዲየሷን ደግሞ የምድር 1.73 እጥፍ አድርጋ እፍጋቷን አሰላች። 1.73ን በራሱ ሦስት ጊዜ ስታባዛ 5.18 ሆነላት፤ 5.6ን በዚህ ስታካፍል 1.08 አገኘች፤ ይህንም በምድር አማካይ እፍጋት በ5.51 አባዝታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 6 ግራም በሚጠጋ ውጤት ላይ ደረሰች። ስሌቱን ደግሜ አይቼዋለሁ፤ እንከን የለበትም።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልኬቱን ያወጡት ተመራማሪዎች ከፕላኔቷ መጠነ ቁስ ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ውኃ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። የምድር ውቅያኖሶች ሁሉ ተደምረው ከምድር መጠነ ቁስ 0.02 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆኑ ይህ እጅግ ብዙ ውኃ ነው። ተማሪዋ «ውኃ ከአለትም ከብረትም የቀለለ ሆኖ ሳለ፣ ያን ያህል ውኃ የያዘች ፕላኔት እፍጋቷ እንዴት ከምድር ሊበልጥ ቻለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ነው። ስለዚህችው ፕላኔት በ2017 እ.ኤ.አ. የተጻፈው እፍጋቷን 12.5፣ በ2019 የተጻፈው 7.5 ያደርገዋል፤ አሁን ደግሞ 6 ሆኗል። ፕላኔቷ ያው አንዷ ናት። በሰባት ዓመት ውስጥ በብረት ከታጨቀች ዓለም ወደ ውኃማ ዓለም የተለወጠችው በምን ምክንያት ነው? ለልጆቹ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩ የመጣበትን መንገድ ማሳየት ስለምፈልግ ዘርዘር አድርጋችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ሚዛን ፈታሽ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ እኔ ሥነ ፈለክን በፍቅር እንጂ በሙያ አልያዝኩትም፤ ሙያዬ በፋብሪካ ውስጥ ሚዛኖችንና ሌሎች መለኪያዎችን መፈተሽ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ከማንም በላይ የመለኪያ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የዚህችን ፕላኔት ራዲየስ በቀጥታ የለካ ማንም የለም። የተለካው በኮከቡ ፊት ስታልፍ የምትጋርደው ብርሃን ነው። ምድር በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የፀሐይ ብርሃን የሚቀንሰው በ0.0084 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ለመለየት እጅግ የተራቀቀ መሣሪያ ያስፈልጋል። የኤልኤችኤስ 1140 ራዲየስ ግን የፀሐይን አንድ አምስተኛ ብዙም ስለማይበልጥ ፕላኔቷ ስታልፍበት ብርሃኑ በግማሽ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መጠነ ቁሷም እንዲሁ በተዘዋዋሪ ነው የተገኘው፦ ፕላኔቷ በስበቷ ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለምትስበው፣ የኮከቡ ብርሃን ስፔክትረም (በየቀለሙ ተበትኖ የሚታየው ብርሃን) ላይ የሚታየው ጥቂት ፈቀቅታ ፍጥነቱን ይናገራል። ምድር ፀሐይን የምታንቀሳቅሰው በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህች ፕላኔት ግን ቀላሉን ኮከቧን በሰከንድ 3.8 ሜትር ታንቀሳቅሰዋለች። ትናንሽ ፕላኔቶችን የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ቀይ ድንኮች የሚያዘነብሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮከቡ ሲያንስ ሁለቱም ምልክቶች ይጎላሉ።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ከሁለቱም ልኬቶች የሚገኘው ፕላኔቷ ራሷ ሳትሆን ፕላኔቷ ከኮከቡ ጋር ያላት ንጽጽር ነው። የኮከቡን ራዲየስ አሳንሶ የገመተ ሰው የፕላኔቷንም ራዲየስ በዚያው ልክ አሳንሶ ያገኛል። በ2017 የሆነው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ኮከቡ 40 የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ ይታመን ስለነበር ራዲየሱ ከፀሐይ 0.186 እጥፍ ተብሎ ተሰላ፤ የፕላኔቷም ራዲየስ ከምድር 1.43 እጥፍ ሆነ። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ የጠፈር መንኮራኩር በ2018 ይፋ ባደረገችው መረጃ የኮከቡ ርቀት 49 የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ይበልጥ ርቆ ሳለ ያንኑ ያህል ብርሃን ለእኛ የሚያደርስ ኮከብ የግድ ይበልጥ ደማቅ፣ ስለዚህም ይበልጥ ትልቅ መሆን አለበት። በዚህና ስፒትዘር በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ በተደረገው የተሻለ ምልከታ ምክንያት የኮከቡ ራዲየስ ወደ 0.214፣ የፕላኔቷም ወደ 1.73 ከፍ አለ።

ራዲየስ ወደ እፍጋት ስሌት የሚገባው ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በራዲየስ ላይ ያለ የ5 በመቶ ስሕተት በእፍጋት ላይ 15 በመቶ ሆኖ ይወጣል። ከ1.43 ወደ 1.73 ሲኬድ የፕላኔቷ ይዘት በ77 በመቶ ያድጋል። በሌላ በኩል የመጀመሪያው የመጠነ ቁስ ልኬት 6.65 ሆኖ የእርግጠኝነት ወሰኑ ወደላይም ወደታችም 1.82 ነበር፤ የ2024ቱ 5.60 ግን ወሰኑ 0.19 ብቻ ነው። የ2017ቱ እፍጋት ራሱ ሲጻፍ «12.5፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3.4» ተብሎ ነበር። ጋዜጦች ሁለተኛውን ቁጥር ጥለው የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ እኔ በሥራ ቦታዬ ወሰኑ ያልተጻፈበትን ልኬት ልኬት ብዬ አልቀበለውም፤ ተማሪዎችዎም ይህን ልማድ ከአሁኑ ቢይዙት እወዳለሁ።

መልስ 2፦ ወልድዬው (አሁን ለድኅረ ምረቃ ትምህርት አዲስ አበባ)

ሰላም መምህር። በመጀመሪያ ተማሪዎን አብሽሪ በሉልኝ፤ የያዘችው ጥያቄ የዘርፉ ዋና ጥያቄ ነው።

ለጥያቄዋ መልሱ ግፊት ነው። ምድርን የሠሩት አለትና ብረት ሳይጨመቁ ቢለኩ አማካይ እፍጋታቸው 5.51 ሳይሆን 4 ገደማ ነበር። 5.51 የሆነው የራሷ ክብደት ስለጨመቃት ነው፤ በመሐሏ ያለው ግፊት የከባቢ አየርን ግፊት 3.6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ በዚያ ያለው ብረትም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 13 ግራም ደርሷል። ከምድር ጋር አንድ ዓይነት ቅንብር ኖሯት መጠነ ቁሷ 5.6 እጥፍ የሆነች ፕላኔት ደግሞ ከዚህም በላይ ስለምትጨመቅ ራዲየሷ 1.6 ገደማ፣ እፍጋቷም 7.5 አካባቢ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ተማሪዎ ያገኘችው 6 ሊነጻጸር የሚገባው ከ5.51 ጋር ሳይሆን ከ7.5 ጋር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ፕላኔቷ ከሚጠበቀው ቀልላ ተገኝታለች፤ በውስጧ ከአለትና ከብረት የቀለለ ነገር አለ ማለት ነው።

ከራሳችን ሥርዓተ ፀሐይም ምሳሌ አለ። ሜርኩሪ 5.43 ናት፣ ምድር 5.51። በቁጥር ጎን ለጎን ናቸው፤ ሜርኩሪ ግን ትንሽ ስለሆነች እምብዛም አልተጨመቀችም፤ ከመጠነ ቁሷ 70 በመቶ ገደማ ብረት ስትሆን የምድር ብረት 32 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ እፍጋት ብቻውን፣ መጠነ ቁስ አብሮት ካልተጠቀሰ፣ ስለ ቅንብር አይናገርም። በዚህ ረገድ ግሊዘ 367 ቢ የምትባለውን መመልከት ይጠቅማል፦ ቀይ ድንክ ኮከቧን በ7.7 ሰዓት ትዞራለች፣ ከምድር ታንሳለች፣ ሆኖም እፍጋቷ 10 ገደማ ነው። እንዲህ ያለችው ከብረት በቀር ሌላ ማብራሪያ አይገኝላትም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ይከብዳል፤ «ቀላሉ ነገር» ምንድን ነው? ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ሃይድሮጅንም ሊሆን ይችላል። ሃይድሮጅን እጅግ ቀላል ስለሆነ ከጠቅላላው መጠነ ቁስ 1 በመቶ እንኳ የማይሞላው አለታማ ፕላኔትን ቢሸፍን ራዲየሷን በግልጽ ያሳድገዋል፤ ያንኑ ራዲየስ በውኃ ለማግኘት ግን ውኃው ከመቶ በአሥሮች የሚቆጠር መሆን አለበት። በመጠነ ቁስና በራዲየስ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ኬንያውያን ባቀረቡት ስም ኤናይፖሻ ተብላ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የተመዘገበችው (እኛም አቦል የተባለችውን ፕላኔት እንዳስመዘገብነው) ጂጄ 1214 ቢ በ2009 እ.ኤ.አ. ስትገኝ ጥያቄው የተነሣው በእሷ ላይ ነበር። መጠነ ቁሷ የምድር 8.2 እጥፍ፣ ራዲየሷ የምድር 2.74 እጥፍ፣ እፍጋቷ 2.2 ነው። የውኃ ዓለም ናት ያለም፣ ሃይድሮጅን የለበሰች አለት ናት ያለም ነበር። በ2014 በሀብል ቴሌስኮፕ የተገኘው ስፔክትረሟ ምንም ምልክት የሌለበት ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ተገኘ፤ ከላይ ያለው ደመና ወይም ጭጋግ ከሥሩ ያለውን ጋርዶታል። በ2023 ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሙቀቷን በመለካት ከባቢ አየሯ ከሃይድሮጅን የከበዱ ሞለኪውሎች የበዙበት መሆኑን የሚያመለክት ውጤት እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ በክርክር ቆየ።

በ2022 ሁለት ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ክርክሩን በሌላ መንገድ ገፋው። ቀይ ድንክ ኮከቦችን የሚዞሩና መጠነ ቁሳቸውም ራዲየሳቸውም በጥሩ ሁኔታ የተለኩ 34 ትናንሽ ፕላኔቶችን ሰብስበው ሲያስተያዩ፣ በሦስት ወገን ተከፍለው አገኟቸው፦ እንደ ምድር አለታማ የሆኑ፣ ግማሽ አለት ግማሽ ውኃ ቢሆኑ በሚጠበቅባቸው እፍጋት ላይ የተሰለፉ፣ እና ጋዝ የለበሱ። በመካከል ያሉት ከኮከባቸው ርቀው፣ ውኃ በረዶ ሆኖ በሚቆይበት ቀዝቃዛ ክልል ተፈጥረው ኋላ ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው የሚል ማብራሪያ ሰጡ። የጁፒተርን ጨረቃ ጋኒሜድንና የሳተርንን ጨረቃ ታይታንን ስናይ በዚያ ዓይነት ቅዝቃዜ የተፈጠረ አካል ግማሽ በግማሽ በረዶና አለት መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። በዓመቱ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች እነዚያኑ ፕላኔቶች መጀመሪያ የነበራቸውን ሃይድሮጅን በከፊል ያጡ አለቶች አድርጎ ማስላትም ከልኬቱ ጋር እንደሚስማማ አሳዩ። በእኔ ግምት ለውኃው ወገን ይበልጥ የሚያደሉት ኬፕለር-138 ሲ እና ዲ ናቸው፤ ይዘታቸው የምድር ሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ መጠነ ቁሳቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስበታቸው ያን ያህል ጠንካራ ስላልሆነና ለኮከባቸውም ቅርብ ስለሆኑ ቀጭን የሃይድሮጅን ልብስ ለረጅም ዘመን ይዘው መቆየታቸው ያጠራጥራል።

መልስ 3፦ የደላንታ ልጅ (ጂኦሎጂ)

ወልድዬው ጥሩ አድርገህ አስረድተሃል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ከአለቱ ወገን ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ የፕላኔቷን ቅንብር ስናሰላ የምንነሣው የብረትና የአለትን ድርሻ በመገመት ነው። ይህን ግምት የሚያጠብብልን ኮከቡ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ደመና ስለተፈጠሩ የብረት፣ የማግኒዥየምና የሲሊከን ምጣኔያቸው ይቀራረባል ተብሎ ይታሰባል። ምድርና ፀሐይ በዚህ ይስማማሉ፤ ሜርኩሪ አትስማማም። ቀይ ድንክ ላይ ግን ይህ መንገድ አስቸጋሪ ነው፤ ኮከቡ ቀዝቃዛ ስለሆነ በከባቢው የውኃ ተንና የቲታኒየም ኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይኖራሉ፣ የእነሱ ምልክትም ስፔክትረሙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚሸፍነው የብረቱን መስመር ለይቶ ማንበብ ያደክማል። ትራፒስት-1 የተባለውን ቀይ ድንክ የሚዞሩት ሰባት ፕላኔቶች የዚህ ችግር ማሳያ ናቸው። እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ በኮከቡ ፊት የሚያልፉበት ሰዓት ከተጠበቀው ጥቂት ይዘገያል ወይም ይቀድማል፤ ከዚህ መዛነፍ መጠነ ቁሳቸው በብዙ ጥራት ተሰልቷል። በ2021 በወጣው ውጤት ሰባቱም እንደ ምድር ቢሠሩ ከሚኖራቸው እፍጋት 8 በመቶ ያህል ያንሳሉ። ብረታቸው ከምድር ያነሰ ስለሆነ ነው? ብረቱ ሁሉ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እምብርት ሳይሠራ በአለቱ ውስጥ ተበትኖ ስለቀረ ነው? ወይስ ጥቂት ውኃ ስላላቸው? ሦስቱም ከቁጥሩ ጋር ይስማማሉ። ሰባቱ አንድ ዓይነት መሆናቸው እኔን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ያዘነብለኛል፤ ውኃማ ቢሆኑ ለኮከቡ የቀረቡትና የራቁት እኩል ውኃ ይይዛሉ ብዬ መቀበል ይከብደኛል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ስንል ሁልጊዜ ከላይ የተንጣለለ ውቅያኖስ መታሰቡ ያሳስበኛል። በእኛ አገር በወገል ጤና ገደሎች የሚወጣውን ኦፓል ለተማሪዎቹ አሳዩአቸው። የደላንታ ኦፓል ውኃ ውስጥ ሲነከር ውኃውን ወደ ውስጡ ይስባል፤ መጠኑ ሳይለወጥ ክብደቱ ይጨምራል፣ መልኩም ይለወጣል። በፕላኔት ውስጥ ያለው ሂደት በእርግጥ የተለየ ነው፤ ኦፓሉ ውኃውን የሚይዘው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲሆን፣ በወጣት ፕላኔት ውስጥ ግን ውኃው በቀለጠው አለትና በብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ውጤቱ ግን በአንድ ነገር ይገናኛል፦ ወደ ውስጥ የገባ ውኃ ራዲየሱን ከላይ እንደተኛው ውኃ አያሳድገውም። በቅርብ ዓመታት የወጡ ስሌቶች የትላልቅ አለታማ ፕላኔቶች ውኃ አብዛኛው በውስጣቸው ሊቀመጥ እንደሚችል ያሳያሉ። ይህ እውነት ከሆነ ከራዲየስ ብቻ የተሰላ የውኃ መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አለቱን በቀጥታ ለማየት የቻልንበትም ጊዜ አለ። ኤልኤችኤስ 3844 ቢ ኮከቧን በ11 ሰዓት የምትዞር፣ ቀን የሆነው ፊቷ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚግል ዓለም ናት። በ2019 ሙቀቷ ሲለካ ወፍራም ከባቢ አየር እንደሌላት ታወቀ፤ ገጿም ብርሃን የማይመልስ ጥቁር ስለሆነ ከግራናይት ይልቅ ባዛልት እንደሚመስል ተገመተ። የወሎን አምባዎች ከሠራው ድንጋይ ጋር አንድ ወገን መሆኑ ነው።

መምህር ከጦሳ ሥር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱን የኤልኤችኤስ 1140 ቢ ልኬቶች ከነእርግጠኝነት ወሰናቸው ሰሌዳ ላይ አስፍሬ፣ ተማሪዎቹ እያንዳንዱ ወደ ምን ዓይነት ፕላኔት እንደሚያደርስ እንዲያሰሉ አደርጋለሁ። ኦፓሉንም ከአንድ ነጋዴ ተውሼ በክፍል ሚዛናችን ደረቁንና የተነከረውን እናነጻጽራለን። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ለዚህች ፕላኔት ውኃውንና ሃይድሮጅኑን የሚለየው ምን ዓይነት ምልከታ ነው? ለቅርባችን ለፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢስ ይህንኑ ስሌት ብሰጣቸው ይሠራል?

ወልድዬው

መምህር፣ የሚለየው ከባቢ አየሩ ነው። ፕላኔቷ በኮከቡ ፊት ስታልፍ በጠርዟ ያለው አየር የኮከቡን ብርሃን በከፊል ያጣራል፤ የሃይድሮጅን አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ በሩቁ ይዘረጋል፣ ስለዚህ ምልክቱ ትልቅ ነው። ጄምስ ዌብ እስከ አሁን ያየው እንዲህ ያለ ወፍራም የሃይድሮጅን አየር መኖሩን አይደግፍም፤ ይህም የውኃውን ግምት ያጠናክራል። ቀጣዩ ፍለጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው። እሱ ያለበት አየር ከባድና ጠበብ ያለ ስለሆነ ምልክቱ ያንሳል፤ ብዙ ዙር ምልከታ መደማመር አለበት፣ ፕላኔቷ ደግሞ በኮከቡ ፊት የምታልፈው በየ24.7 ቀኑ ብቻ ነው። በቀይ ድንኮች ላይ ሌላ እንቅፋትም አለ፤ በኮከቡ ገጽ ያሉ ቀዝቃዛ ነጠብጣቦች ራሳቸው የውኃ ተን ስላላቸው ከፕላኔቷ የመጣ ውኃ መስለው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ኤልኤችኤስ 1140 በራሱ ዛቢያ በ131 ቀን የሚዞር ዝግተኛና ረጋ ያለ ኮከብ ስለሆነ ከትራፒስት-1 ይልቅ በዚህ በኩል ይሻላል።

ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ቢን ግን ለስሌት አይስጧቸው። 4.24 የብርሃን ዓመት ብቻ ብትርቅም ከእኛ በኩል ሲታይ በኮከቧ ፊት ስታልፍ አልተገኘችም፤ ስለዚህ ራዲየሷ አይታወቅም፣ መጠነ ቁሷም የታችኛው ወሰኑ ብቻ ነው የተገኘው። በእሷ ፈንታ ኤናይፖሻን ቢሰጧቸው ሁለቱም ቁጥሮች ተሟልተው ያገኟቸዋል፤ 8.2 እና 2.74።